ኑርቡርግሪንግ፦ የመኪና ገመና የሚወጣበት ጫካ

ሐሙስ

ከፍራንክፈርት በጠዋት ተነሳን። አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ መካኒክ ነው። ሙያውን የለመደው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ ጋራዥ ነው፤ አሁንም እዚሁ ፍራንክፈርት በዚያው ሙያ ይሠራል። ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የመኪና ውድድር ትራክ ወዳለበት ኑርቡርግ መንደር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። አውቶባኑን ትተን ወደ አይፍል ተራሮች ስንታጠፍ መንገዱ እየጠበበ መጣ። ጥድ፣ የከብት መስክ፣ ትንንሽ መንደሮች። ከዚያ ከዛፎቹ ጀርባ የሞተር ጩኸት ተሰማ። መኪናው አይታይም። ድምፁ ብቻ ማርሽ ሲቀንስ፣ ዳገት ሲወጣ፣ እንደገና ሲያጓራ ይሰማል። ጓደኛዬ መስኮቱን አውርዶ ትንሽ አዳመጠና «ስድስት ሲሊንደር ነው» አለ።

እዚህ የሚመጣ ብዙ ሰው ወሬው ስለ ሰዓት ነው። የትኛው መኪና በስንት ደቂቃ ዞረ? የትኛው ማንን በለጠ? እኔን ያመጣኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች የራሳቸው የሙከራ ሜዳ አላቸው። ታዲያ ጫካ ውስጥ ወዳለ፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ወደተቃረበ መንገድ ለምን ይመላለሳሉ? ደግሞ የቶዮታን ጂአር ያሪስ እዚሁ ትራክ ላይ መንዳት ፈልጌአለሁ። ጂአር ያሪስ የእኛው ቪትዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቪትዝ በአውሮፓ ስሙ ያሪስ ነው። አዲስ አበባ ኖሮ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ትራኩ የተሠራው ለአይፍል ነዋሪ ሥራ ለመፍጠር ታስቦ ነው። አካባቢው ያኔ ድሃ ነበር። ግንባታው በ1925 ተጀመረ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰኔ 1927 ተመረቀ። በመጀመሪያው የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ አሸነፈ። ኖርድሽላይፈ የሚባለው ሰሜናዊው ዙር ዛሬ 20.832 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በይፋ የሚቆጠሩት ኩርባዎቹ 73 ናቸው። ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሊማሊሞን ወርዶ የወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሊማሊሞን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ክፍት አድርጉት፤ ግራና ቀኙን በብረት አጥር አጥሩት፤ ከዚያ መኪኖችን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ልቀቁበት።

ከሰዓት በኋላ አዴናው ከተማ ጫፍ፣ ብራይድሻይድ የሚባለው ቦታ ሄደን ቆምን። ትራኩ እዚህ በድልድይ ከመንገዱ በላይ ያልፋል። የዙሩ ዝቅተኛ ቦታ ይህ ነው። መኪኖቹ ቬርዛይፈን ከሚባለው ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ይመጣሉ፣ ድልድዩን ይሻገራሉ፣ ወዲያው ዳገቱን ይያያዙታል።

በስራ ቀናት ትራኩን ለብዙ ሳምንታት የሚይዙት የመኪና ፋብሪካዎች ናቸው። ተባብረው በጋራ ይከራዩታል። ብዙዎቹ ኑርቡርግና ሞይሽፓት ውስጥ የራሳቸው ወርክሾፕ አላቸው። ገና ለገበያ ያልወጡት መኪኖች ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ፕላስቲክ ለብሰዋል። ቅርጻቸው በዓይን እንዳይለይ ነው። ካሜራ ያነገቱ ሰዎች በየአጥሩ ጥግ ይጠብቃሉ። ያልወጣ መኪና ፎቶ ገንዘብ ያወጣል።

ጓደኛዬ ግን ዓይኑ መኪኖቹ ላይ አልነበረም። «ሽታው ይሸትሃል?» አለኝ። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነበር። መኪኖቹ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው፤ ፍሬናቸው ግን ከወዲሁ ተቃጥሏል። ያው መኪና ዞሮ ይመጣል። እንደገና ዞሮ ይመጣል። የሙከራ ሾፌሮቹ ማንንም ለመቅደም አይቸኩሉም። ስራቸው መኪናውን ማድከም ነው።

የጥያቄዬን መልስ ግማሹን ያገኘሁት እዚያው ቆሜ ነው። በሙከራ ሜዳ እያንዳንዱ ችግር ለብቻው ይፈተናል። ፍሬን ዛሬ፣ አሞርዛተር ነገ፣ የሞተር ሙቀት ከነገ ወዲያ። እዚህ ሁሉም በአንድ ዙር፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ይመጣል። ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግላል። ፍሬኑ ሳይበርድ ዳገቱ ሞተሩን ያስጨንቃል። የመኪናው ወለል ጉብታ ላይ ይነሳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይደፈጠጣል። አሞርዛተሩን ለአንዱ ኩርባ ብለህ ብታጠነክረው ሌላው ኩርባ ላይ ጎማው መሬት ይለቃል። መኪናው የሚያርፍበት ቦታ የለም። ደካማ ጎኑ የት እንደሆነ ይታወቃል።

ልንሄድ ስንል አንድ ዥንጉርጉር መኪና ያለ ሞተር ድምፅ አለፈ። የጎማ ጩኸትና የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ እስኪሰወር ድረስ አየው። ምንም አላለም።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ማታን ስንጠብቅ ዋልን። በዚህ ወቅት በስራ ቀን ትራኩ ለሕዝብ የሚከፈተው ፋብሪካዎቹ ሲጨርሱ፣ አመሻሽ ላይ ነው።

ጠዋት ኑርቡርግ መንደር ገብተን የምንከራየውን መኪና አየን። ተራ አከራይ ድርጅቶች መኪናቸውን እዚህ ይዞ መግባትን በውላቸው ይከለክላሉ። ስለዚህ ለዚሁ ትራክ ብለው መኪና የሚያዘጋጁ አከራዮች አሉ። ፍሬኑ ተቀይሯል፤ ወንበሩ ተቀይሯል፤ ኋላ በኩል የብረት ቧንቧ መከላከያ ተገጥሟል። ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ውሉን ደጋግማችሁ አንብቡ። መኪናው ቢጎዳ ብቻ አይደለም የምትጠየቁት። የታጠፈው የብረት አጥር ዋጋ አለው። የመጎተቻው መኪና ዋጋ አለው። ያን ሁሉ የሚከፍለው ሾፌሩ ነው።

ሕጉ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ኖርድሽላይፈ ለሕዝብ ሲከፈት እንደ ክፍያ መንገድ ይቆጠራል። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል። መንጃ ፈቃድና ለመንገድ የተፈቀደ መኪና ያለው ሰው ከፍሎ ይገባል። እኛ ስንሄድ ለአንድ ዙር ከሰኞ እስከ ሐሙስ 30 ዩሮ፣ ከዓርብ እስከ እሁድ 35 ዩሮ ነበር። ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። በቀኝ በኩል ደርቦ ማለፍ ክልክል ነው። ከኋላ የፈጠነ ሲመጣ የቀኝ ፍሬቻ አሳይተህ ታሳልፈዋለህ።

ቶዮታና ይህ ትራክ ያላቸውን ታሪክ ሳልነግራችሁ ወደ መኪናው አልገባም። ሂሮሙ ናሩሰ የሚባል ሰው ነበር። የቶዮታ ዋና የሙከራ ሾፌር። በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነውን አኪዮ ቶዮዳን መኪና መንዳትን እንደ ገና ያስተማረው እሱ ነው። በ2007 ሁለቱ ኑርቡርግሪንግ ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ተሳተፉ። ይዘው የመጡት ያገለገሉ አልቴዛ መኪኖች ነበሩ። ቶዮዳ በስሙ አልተመዘገበም፤ «ሞሪዞ» ብሎ ነው የገባው። ቡድኑም የቶዮታን ስም አልያዘም፤ ጋዙ ተባለ። ዛሬ መኪኖቹ ላይ «ጂአር» ብለን የምናነበው ጋዙ ሬሲንግ መነሻው ያ ነው። ናሩሰ ሰኔ 2010 ከትራኩ ውጭ ባለ የሕዝብ መንገድ ላይ የቶዮታን ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ሲሞክር ተጋጭቶ ሞተ። የዓለም ትልቁ መኪና አምራች ወራሽ ስለ መኪና ሊማር የመጣው ወደዚህ ነው፤ ያስተማረውም ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲሞክር የኖረ ባለሙያ ነው። ይህ ታሪክ ልቤን ይነካኛል። ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ማንበብ ይችል ነበር።

ጂአር ያሪስ በ2020 ነው የወጣው። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ ነው። መጀመሪያ አውሮፓ ሲመጣ 261 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ጓደኛዬ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ቪትዝ ስንቱን ፈትቶ ገጥሟል። «ከስሙ በቀር የሚመሳሰል ነገር የላቸውም» አለ። ሲዘጋው ግን በአክብሮት ነው የዘጋው።

ከጎኔ የተቀመጡት አሰልጣኝ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ትራኩን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ከመነሳታችን በፊት የጎማውን ነፋስ ቀነሱት። ጎማ ሲግል ነፋሱ ይጨምራል፤ ከቤት ሞልተህ ከመጣህ መሃል መንገድ ላይ ከልክ ያልፋል። ቀጥለው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «ኩርባ ውስጥ ከፈራህ እግርህን ከነዳጁ ላይ ድንገት አታንሳ።» ምክንያቱን አስረዱኝ። ነዳጅ ስትለቅ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹ ይቀልላሉ። የቀለለ ጎማ አይቆነጥጥም። መኪናው ይሽከረከራል። እዚህ ብዙ ሰው አጥር ውስጥ የሚገባው በመፍጠን ሳይሆን በመደንገጥ ነው አሉኝ።

በዶቲንገር ሆኸ በር ካርዱን አስነክተን ገባን።

የኖርድሽላይፈ የመጀመሪያ ኩርባ የዛቢነ ሽሚትዝ ስም አለው። ዛቢነ አዴናው ተወልዳ ኑርቡርግ፣ በወላጆቿ ሆቴል ውስጥ ያደገች ናት። በ1996ና በ1997 የ24 ሰዓቱን ውድድር አሸነፈች፤ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። በ2021 በካንሰር አረፈች፤ በዚያው ዓመት ኩርባው በስሟ ተሰየመ። አሰልጣኙ እዚያ ስንደርስ በእጃቸው ሰላምታ ሰጡ። ሁሌም ያደርጉታል መሰለኝ።

ሃትዘንባህ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ነው። አንዱን ከሳትክ ቀጣዮቹን ሁሉ ትስታለህ። ፍሉግፕላትስ ላይ መንገዱ ሽቅብ ይሄድና ድንገት ይጠፋል። ከጉብታው ማዶ ምን እንዳለ አይታይም። መሪው ቀለለኝ። «ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉ። ያዝኩ። ሽቬደንክሮይትስ ላይ ደግሞ ከባዱ ነገር መኪናው ምን ያህል እንደፈጠነ አለመታወቁ ነው። ከአረምበርግ በኋላ ፉክስሮረ መጣ። ዛፎች መሃል የተቀደደ ቁልቁለት ነው። ትወርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ታች ስትደርስ መንገዱ ወዲያው ሽቅብ ይታጠፋል። መኪናው ተደፈጠጠ። አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲገባ በወንበሩ በኩል ተሰማኝ። ሆዴም አብሮ ወረደ። እዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳለህ አዴናወር ፎርስት የሚባለው ጠባብ ኩርባ ከጉብታ ጀርባ ይጠብቅሃል። ሁለት መኪና ሳሩ ላይ ወጥቶ አየን።

ከካለንሃርት እስከ ብራይድሻይድ ፍሬን ነው። ትናንት ከታች ሆነን ያሸተትነውን አሁን እኔ ነኝ የማሸተው። ፔዳሉ መጀመሪያ ከነበረበት ትንሽ ወረደ። ጓደኛዬ ይህን በደንብ ያብራራዋል። ፍሬን ሲግል የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይይዛል፤ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል። እግርህ ይወርዳል፣ መኪናው አይቆምም። አሰልጣኙ ወዲያው አወቁት። «ዳገቱ ላይ ይበርድልሃል፤ አትጨነቅ» አሉኝ። እውነትም ከበርግቬርክ ወደ ላይ ያለው ረጅም ዳገት ፍሬን አይፈልግም። እዚህ የሚደክመው ሞተሩ ነው።

ካሩሰል የዳገቱ ጫፍ አካባቢ ነው። የኮንክሪት ገበታ ነው፤ ወደ ውስጥ ያጋደለ። ጎማህን አስገብተህ ግድግዳውን ተደግፈህ ትዞራለህ። ኮንክሪቱ ሸካራ ነው። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ መሪውን ያዝኩ። ከዚያ ሆኸ አኽት፣ የዙሩ ጣሪያ። ከዚያ ብሩንሸን፣ ከዚያ ፕፍላንትስጋርተን። ፕፍላንትስጋርተን ላይ መኪናው እንዲዘል አልፈቀዱልኝም፤ ከጉብታው በፊት ፍሬን አስያዙኝ። ከጎኑ ያለው ኩርባ የሽቴፋን ቤሎፍ ስም አለው። ቤሎፍ በ1983 በፖርሽ 956 ለውድድር ማጣሪያ ሲነዳ ዙሩን በ6 ደቂቃ ከ11.13 ሰከንድ ጨረሰ። ያ ሰዓት 35 ዓመት ሳይሰበር ቆየ። የሰበረው ቲሞ በርንሃርት ነው፤ በ2018 በፖርሽ 919 ኢቮ 5 ደቂቃ ከ19.546 ሰከንድ። ያ መኪና ግን የውድድር ሕግ የማይገዛው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነበር። ቤሎፍ እዚህ ኩርባ ላይ ያደረገውን እኔ ያለፍኩበት ፍጥነት ላይ ሆኜ እንኳ መገመት አልቻልኩም።

መጨረሻው ዶቲንገር ሆኸ ነው። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ መንገድ። አሰልጣኙ «ፍሬን አትንካ፣ ነፋስ ያግኘው» አሉ። ስንወጣ ደግሞ የእጅ ፍሬን እንዳልስብ ነገሩኝ። የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጭኖ ከቆመ ዲስኩ ይበላሻል። ማርሽ ውስጥ አስገብተን አቆምን። ጓደኛዬ ወርዶ እጁን ወደ ጎማው አስጠጋና ወዲያው መለሰ። ሙቀቱ አያስጠጋም።

ተራው ደግሞ የእሱ ሆነ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። የመጀመሪያ ቃሉ «ሦስት ሲሊንደር!» የሚል ነበር።

ቅዳሜ

ዛሬ ከጎን ተቀማጭ ነኝ። መኪናው ፖርሽ 911 ጂቲ3 ነው። አራት ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 510 የፈረስ ጉልበት፤ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 9000 ዙር ይሄዳል። ፋብሪካው ላርስ ከርንን አስቀምጦ ሙሉውን ዙር በ6 ደቂቃ ከ59.927 ሰከንድ አስዞረው። ሾፌራችን በዚህ ስራ የሚተዳደር ባለሙያ ነው።

ጉልበቱን አልተርክላችሁም። ጉልበት ከሌላም መኪና ይገኛል። የገረመኝ ፍሬኑ ነው። አረምበርግ ላይ ሲረግጠው ቀበቶው ደረቴን ያዘው። ዙሩ ሲያልቅም፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ያው ፍሬን በዚያው ቦታ ያዘ። ትናንት ፔዳሌ ሲወርድ ስለተሰማኝ ነው ይህ የገባኝ። ሁለተኛው ነገር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር መኪናው ወደ መሬት መጫኑ ነው። ከኋላ ያለው ትልቅ ክንፍ ለጌጥ አይደለም። በዝግታ ሲሄድ ቁንጥንጥ የሚለው መኪና በ200 ሲሄድ ይረጋጋል። እዚህ ካልሞከርከው ይህን የት ታውቀዋለህ?

ለመንገድ ከተፈቀዱት የፋብሪካ መኪኖች ፈጣኑ ሰዓት የመርሴዲስ ኤኤምጂ ዋን ነበር። ማሮ ኤንግል በ2024 በ6 ደቂቃ ከ29.090 ሰከንድ ዞረው። ሰዓቶቹ በይፋ ሲመዘገቡ ሕጋዊ ምስክር ይቆማል። ይህ ጥሩ ነው። ቀደም ሲል አንዱ ከአጭሩ መስመር፣ ሌላው ከሙሉው ዙር እየለካ ክርክሩ አያልቅም ነበር። ከ2019 ወዲህ መለኪያው ሙሉው 20.832 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ሰዓት ማሳደዱ ጉዳትም አለው። ለአንድ ማስታወቂያ ተብሎ የጠነከረ አሞርዛተር በተራ መንገድ ወገብ ይሰብራል። መኪናውን የሚገዛው ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት ነው የሚያደርስበት። ትራኩ ጥፋቱን ሲያሳይህ ማረም ያለብህ ለመንገዱ ብለህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትራኩ ተዘጋ። አደጋ ደርሶ ነው። የመጎተቻ መኪና ገባ፤ አምቡላንስ ተከተለ። ቆመን ጠበቅን። ይህ እዚህ ብርቅ አይደለም። ከበር ላይ የተሰለፉት ሞተረኞች የራስ ቁራቸውን አውልቀው ዝም አሉ።

ሲከፈት ብሩንሸን ሄድን። ትራኩን ለማየት የሚመረጥ ቦታ ነው። ወንበር፣ ድንኳን፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ ልጆች። ደስ የሚል ነገር አለው። አንዳንዱ ግን ካሜራውን ደግኖ የሚጠብቀው ግጭት ነው። መኪና ሲንሸራተት ጩኸት ይነሳል። ይሄ አልተመቸኝም። በ2015 ፍሉግፕላትስ ላይ አንድ የውድድር መኪና ከመሬት ተነስቶ አጥሩን ዘሎ ተመልካች ገደለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

ማታ ስንመለስ አዲሱን ትራክ በሩቅ አየነው። ከ1984 ጀምሮ ትልልቆቹ ውድድሮች የሚካሄዱበት አጭሩ ዙር ነው። በምረቃው ታዋቂ ሾፌሮች ሁሉ እኩል መርሴዲስ 190 ተሰጥቷቸው ተወዳደሩ። ያሸነፈው ያኔ ገና ወጣት የነበረው አየርተን ሴና ነው። 190 መርሴዲስ አዲስ አበባ ውስጥም ጎዳና ላይ የምናውቃት መኪና ናት። ጓደኛዬ «ያቺ መኪና አትሞትም» አለ። ሦስት ደንበኛ አለው በእሷ።

እሁድ

ጭጋግ ነው። ከሆቴሉ መስኮት ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ቁርስ ያቀረቡልን ሴትዮ «እዚህ ጫፍ ዝናብ፣ እዚያ ጫፍ ፀሐይ ይሆናል» አሉን። ትራኩ ረጅም ስለሆነ እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ነው።

የፎርሙላ ዋን ሾፌሩ ጃኪ ስቱዋርት በ1968 የጀርመንን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው እንዲህ ባለ ጭጋግና ዝናብ ነው። ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው፤ ያውም በተጎዳ የእጅ አንጓ። «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላው የፎርሙላ ዋን ሾፌር ኒኪ ላውዳ ውድድሩ ከደህንነት አንጻር እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። ሾፌሮቹ ድምፅ ሰጡ፤ ሐሳቡ ወደቀ። ነሐሴ 1 ቀን 1976 በርግቬርክ አጠገብ የላውዳ ፌራሪ ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከእሳቱ ያወጡት የእርዳታ ሠራተኞች አልነበሩም። ከኋላው የመጡት ሾፌሮች፣ አርቱሮ ሜርዛርዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ላንገርና ሃራልድ ኤርትል መኪናቸውን አቁመው ነው ያወጡት። ትራኩ በጣም ረጅም ነው፤ እርዳታ በየቦታው ሊደርስ አይችልም። ፎርሙላ ዋን ከዚያ ወዲህ ኖርድሽላይፈ ላይ ተመልሶ አልተወዳደረም። ላውዳ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ቁስሉ ሳይድን ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ስለ ድፍረቱ ብዙ ይወራል። እኔ ግን ከውድድሩ በፊት «አይሆንም» ያለበትን ድፍረት አስበልጣለሁ።

ጭጋጉ ሲሳሳ ከመመለሳችን በፊት ዶቲንገር ሆኸ ያለው ነዳጅ ማደያ ቡና ልንጠጣ ቆምን። አሰልጣኙ ቀጥረውን ነበር። ጓደኛዬ ከሐሙስ ጀምሮ የያዘውን ጥያቄ አወጣ። ያ ድምፅ የሌለው መኪና ፍሬኑን እንዴት ያደርጋል?

የጠየቀው ለወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ወንድሙ አዲስ አበባ ጋራዥ አለው። ደጁ ላይ የሚቆሙት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ከቀን ቀን እየበዙ ነው።

አሰልጣኙ ብዕር አውጥተው ወረቀት ላይ ሳሉለት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከባድ ነው። ብዙዎቹ ፈጣኖች ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናሉ። ያን ክብደት ከፉክስሮረ ቁልቁለት በታች ማቆም ለፍሬን ፈተና ነው። መልካሙ ነገር ሞተሩ ራሱ ያግዛል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየርና የመኪናውን ጉልበት መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከተዋል። የፍሬኑ ድካም ይቀንሳል። ችግሩ ወደ ባትሪው መዞሩ ነው። ባትሪ ሲሰጥም ሲቀበልም ይሞቃል። ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል። ዙሩን ስትጀምር የነበረህ ጉልበት ዶቲንገር ሆኸ ስትደርስ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የሚደረገው ሙከራ ብዙው ስለ ማቀዝቀዣ ነው አሉ። ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ጂቲ በ7 ደቂቃ ከ07.55 ሰከንድ ዞሯል። በስልኩ የምናውቀው ሻውሚ ደግሞ ኤስዩ7 አልትራን አምጥቶ በ7 ደቂቃ ከ04.957 ሰከንድ አስዞረው፤ ይህም በ2025 ይፋ ሆነ። ስልክ ሲሠራ የኖረ ኩባንያ ከፖርሽ ጋር ለመለካካት የመጣው እዚሁ ነው።

«ታዲያ ቁልቁለት ላይ ባትሪው ሙሉ ከሆነስ?» አለ ጓደኛዬ። እንጦጦን በልቡ ይዞ እንደጠየቀ ገብቶኛል። ከላይ ሞልቶ የተነሳ መኪና የሚመለስለትን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አሰልጣኙ ጥያቄው ደስ አላቸው። ያኔ ስራው ሁሉ ተመልሶ በሸራውና በዲስኩ ላይ ይወድቃል አሉት። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ዝጎ የቆየ ዲስክ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አያልቅም ብሎ መተው አይገባም፤ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ መንዳቱን ለእኔ ተወልኝ፤ እሱ ስልኩ ላይ ነበር። ለወንድሙ የድምፅ መልእክት እየላከ፣ ዙሩን ከሃትዘንባህ ጀምሮ ሲተርክለት፣ መሃል ላይ ስለ ዲስክ ዝገት ሲያስጠነቅቀው ሰማሁ። ኮብለንዝን ስናልፍ ለከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና የሚመዘገብበትን ቅጽ ከፍቶ ይሞላ ነበር። ትምህርቱ በመስከረም ይጀመራል።